ኤዲተራችሁ እምቢ ሲል ላፕቶፑን ፎርማት አታድርጉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ሆናችሁ ኮድ ለምትጽፉ ነው። አንድ ነገር ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት አላስችል ይለኛል። ቪም የሚባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር አንድ ቀን ኤረር ካወጣ ሁሉም ነገር ተነቅሎ እንደገና ይጫናል። ያ ካልሠራ ላፕቶፑ ፎርማት ይደረጋል። ዳታ ስንት እንደሚገዛ እያወቃችሁ!

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ቨርዥን አልተጣጣመም፣ በቃ።

ቪም አንዳንድ ሥራውን የሚሠራው በፓይተን፣ ማለትም በፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ ድጋፍ ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም 22.04 ቨርዥኑ ይዞት የሚመጣው ፓይተን 3.10 ነው፤ 24.04 ደግሞ 3.12። በ22.04 ላይ ራሳችሁ ኮምፓይል ያደረጋችሁት (ከሶርስ ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም የቀየራችሁት) ቪም የተሳሰረው ከ3.10 ጋር ነው። ሲስተሙን አፕግሬድ ስታደርጉ የድሮው የፓይተን ላይብረሪ ይሄዳል፣ ቪም ግን እሱኑ ይፈልጋል። ፕለጊኖች፣ ማለትም ቪም ላይ የሚጨመሩ ቅጥያዎችም፣ እንዲሁ ናቸው። ባሕር ዳር አንዲት ተማሪ ዩ ኮምፕሊት ሚ የሚባለው ኮድ የሚያሟላ ፕለጊን አልነሣ ብሏት መጣች። ፎልደሩን ከፍተን ስናይ፣ ኮምፓይል የሆነው ፋይል ስሙ ላይ 310 ይላል፣ 3.10 ማለት ነው። ቪሟ ግን 3.12 ላይ ነበር። ፕለጊኑን ብቻ እንደገና ኮምፓይል አድርጋ ሄደች።

ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት መርምሩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ተርሚናል ላይ የቪምን ቨርዥን ጠይቁ። ከሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ፓይተን3 የሚለው ፊት የመደመር ምልክት ካለ ድጋፉ አለ። የመቀነስ ከሆነ ከመጀመሪያውም አልገባም። ቪም ጭራሽ ካልተነሣ፣ ኤረሩ ራሱ የጎደለውን ላይብረሪ ቁጥር ይነግራችኋል። ይህ ሁሉ አንድ ሜጋባይት አይበላም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቪምን መልሶ ኮምፓይል ሲያደርግ ነው። ኮምፓይሉን የሚያዘጋጀው ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት ባለፈው ያገኘውን መልስ ካሽ በሚባል ማስቀመጫ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ሳታጸዱ ብትደግሙት ያንኑ የድሮ ፓይተን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ያን የሚያጸዳውን ሜክ ዲስትክሊን (make distclean) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ቀጥሎ የፓይተኑ ዴቭ ፓኬጅ መኖሩን እዩ፤ ለኮምፓይሉ የሚያስፈልጉት ሄደር ፋይሎች ያሉት እዚያ ነው። ከሌሉ ኮንፊገር ድጋፉን ትቶ ያልፋል። ኮምፓይሉ በሰላም ያልቃል፣ እናንተ ግን ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ኮንፊገርን ስታስኬዱ ኢኔብል ፌይል ኢፍ ሚሲንግ (--enable-fail-if-missing) የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። ያዘዛችሁት ነገር ከጎደለ እዚያው ቆሞ ይነግራችኋል። ይህችን አማራጭ እጅግ እወዳታለሁ፣ ስንቱን ሌሊት ታተርፋለች! ኮንዳ የሚባለው የራሱን ፓይተን የሚይዝ መሣሪያ በርቶ ከሆነም አጥፉት፤ አለዚያ ኮንፊገር የኮንዳን ፓይተን ሊያነሣ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሲስተሙን ፓይተን አትንቀሉ፣ በሌላ ቨርዥንም አትተኩት። የኡቡንቱ የራሱ ብዙ መሣሪያ የቆመው በእሱ ላይ ነው። እሱን ከነካችሁ ችግሩ ከኤዲተሩ አልፎ ላፕቶፑን በሙሉ ይይዛል።

ኮኔክሽን ሲጠፋም አትደናገጡ። ብራም ሙሌናር በፈረንጆቹ 1991 ያወጣው ይህ ኤዲተር መመሪያው አብሮት ነው። ሄልፕ ብላችሁ ስለ ፓይተን የሚያወራውን ክፍል ክፈቱ፣ በደንብ አንብቡት። ኮኔክሽን ባለበት ቀን ደግሞ የቪምን ሶርስ ኮድና ዴቭ ፓኬጁን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ። የኡቡንቱው ቨርዥን አንድ ከሆነ ለጓደኛችሁም ይሆናል።