ሁለት ሳጥን፣ አንድ «ገና»

ከመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሹ የጠየቅሽኝ ባለ ሁለት ሳጥን ቃል መልሱ «ገና» ነው። «በዓል ነው፤ ግን አልደረሰም» የሚለው ፍንጭ ሁለት ትርጉም ደርቦ ነው የያዘው። «ና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ ደግሞ «ገና ነው፣ ቆይ» የምንለው።

ድምፃቸው ይለያያል ማለትሽ ልክ ነው። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ የእንቆቅልሹ አዘጋጅም የተጫወተብሽ እዚያው ላይ ነው። እኔማ አሪፍ ፍንጭ ነው ባይ ነኝ።

ብቻ ሞክሼ ፊደል ያለበትን ቃል በእርሳስ ጻፊ። አንዴ አግድም «ፀሐይ»፣ ወደ ታች «ጸሎት» መነሻ ሳጥናቸው አንድ ሆነብኝ። «ፀ» እና «ጸ» አይገጥሙም ብዬ ትክክለኛውን መልስ በላጲስ አጠፋሁት፤ ወረቀቱም ተቀደደ። ለካ አዘጋጁ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚቆጥራቸው!