ሜትር ይዘህ ሱቅህ ግባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ሰሜን ለንደን ውስጥ ትንሽ የቅመማ ቅመምና የእንጀራ ሱቅ አለኝ። እስከ ዛሬ ቢዝነስ ሬት (የንግድ ቤት ግብር) ከፍዬ አላውቅም። ሱቁ ትንሽ ስለሆነ ሙሉ ቅናሽ ነበረኝ። በአዲሱ የ2026 ግምት ግን ሬቴብል ቫሊው 13,500 ፓውንድ ሆነብኝ። ገበያው እንደሆነ ቀዝቅዟል። ታዲያ ምን አይተው ነው የጨመሩብኝ? ጓደኛዬ «የፓርላማ ኮሚቴዎች ይህንን ነገር ይመረምራሉ፣ አንተም ጻፍላቸው» ይለኛል። አንድ ድርጅት ደግሞ በስልክ ደውሎ «ቅድሚያ ክፈልና እናስቀንስልሃለን» አለኝ። የማንን ልስማ?
ባለ ሱቁ፣ ከሰሜን ለንደን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ ከተማ ውስጥ የሐበሻ ሱቆችንና ምግብ ቤቶችን ሒሳብ ስይዝ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አዲስ ግምት በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ጥያቄውም ሁሌ ያው ነው፤ «ገበያ የለም፣ ምን አይተው ጨመሩ?»

ገበያህን አላዩም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሬቴብል ቫሊው ማለት ቤቱ በአንድ በተወሰነ ቀን ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣ ነበር የሚል ግምት ነው። ያንተን ትርፍ አያውቅም፤ ኪሳራህንም አያውቅም። ግምቱን የሚያወጣው ደግሞ የመንግሥት ገማች መሥሪያ ቤት፣ ቫልዩኤሽን ኦፊስ ነው። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢህ አስተዳደር፣ የተሰጠውን ቁጥር አባዝቶ ቢሉን ይልክልሃል እንጂ ቁጥሩን አይነካም። ስለዚህ በግምቱ ጉዳይ ካውንስል ቆጣሪ ላይ ቆመህ ብትከራከር ማንም ሊረዳህ አይችልም።

ነገሩን የምትፈታው ያቺ «የተወሰነች ቀን» ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እስከ ማርች 2026 የተሠራበት ግምት የቆመው ኤፕሪል 1 ቀን 2021 በነበረው ኪራይ ላይ ነው። ያን ሰሞን እስቲ አስታውሰው። ኮቪድ ነው። ልብስ ቤቱ ዝግ፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ። እንግሊዝ ውስጥ እነዚህ ሱቆች የተከፈቱት ኤፕሪል 12 ነው፤ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ማለት ነው። አዲሱ ግምት ደግሞ የቆመው ኤፕሪል 1 ቀን 2024 በነበረው ኪራይ ላይ ነው። አንተ ዘንድሮን ከዓምና ጋር ታወዳድራለህ። እነሱ ግን በር ዘግቶ የተኛ መንገድን ተነሥቶ ከሚሠራ መንገድ ጋር አወዳደሩ። ቁጥሩ የዘለለው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ እንደ አንተ ሠፈር ኪራይ በተወደደበት ቦታ።

አሁን ወደ ኪስህ እንምጣ። አንድ ሱቅ ብቻ ያለው ሰው ግምቱ እስከ 12,000 ፓውንድ ከሆነ ምንም አይከፍልም። ከዚያ እስከ 15,000 ድረስ ቅናሹ እየሳሳ ይሄድና 15,000 ላይ ያልቃል። አንተ ልክ መሐሉ ላይ ነህ፤ ግማሹ ይቀነስልሃል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ማባዣው ለእያንዳንዱ የግምት ፓውንድ 38.2 ፔንስ ነው። 13,500ን በዚያ አባዛው፣ 5,157 ፓውንድ ይመጣል። ግማሹ ወደ 2,578 ነው። በአዲስ ግምት ምክንያት የትንሽ ቢዝነስ ቅናሹን ያጣ ሰው ጭማሪው ቀስ እያለ እንዲመጣለት የሚያደርግ ሌላ ድጋፍም አለ። ቢልህ ላይ መግባቱን ካውንስሉን ጠይቅ። ይሄኛው የካውንስሉ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ላክልበት፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ማባዣው ከ49.9 ፔንስ ወደ 38.2 ወረደ ሲባል ብዙ ሰው ደስ ብሎት ደወለልኝ። ነገር ግን በ2025/26 ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የ40 በመቶ ቅናሽ ነበር። ያ ቅናሽ ሲታሰብ ይከፈል የነበረው ወደ 30 ፔንስ ገደማ ነበር። ቅናሹ አሁን የለም። ስለዚህ ግምቱ ከ15,000 በላይ ለሆነ ሱቅ ማባዣው የወረደው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ለማንም ከመጻፍህ በፊት፣ ለማንም ከመክፈልህ በፊት፣ ሜትር ይዘህ ሱቅህ ግባ።

ሱቅ የሚገመተው በካሬ ሜትር ነው፣ ግን ሁሉም ካሬ እኩል ዋጋ የለውም። ከመስኮቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ 6.1 ሜትር ያለው ዞን ኤ ይባላል፤ በሙሉ ዋጋ ይታሰባል። ቀጣዩ 6.1 ሜትር በግማሽ፣ ከዚያ ያለው 6.1 ሜትር በሩብ፣ የተረፈው በስምንተኛ። መንገደኛው የሚያየው ፊት ለፊቱን ስለሆነ ነው። አከራይም ለጓዳ ብሎ ብዙ አያስከፍልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬ ቡና ቤት ከፈተች። ግምቷ 12,600 ፓውንድ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የግምቱን ዝርዝር አወጣን። ወርድ 4 ሜትር፣ ጥልቀት 15 ሜትር፣ ዞን ኤ በካሬ 320 ፓውንድ ይላል። እሑድ ማለዳ ሱቁ ሳይከፈት ሜትሩን ይዘን ገባን። እሷ በመስኮቱ በኩል ጫፉን ያዘች፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከቡና ማሽኑ አልፌ፣ ከማቀዝቀዣው አልፌ፣ ግድግዳ ላይ ደረስኩ። 12.2 ሜትር። ደግመን ለካን። ያው ነው። የቀረው 2.8 ሜትር የት ገባ? ግድግዳው ጀርባ ነው ያለው። የሕንፃው ባለቤት ከዓመታት በፊት የሱቁን የኋላ ክፍል ቆርጦ ወደ ላይኛው አፓርታማ የሚያወጣ ደረጃ ሠርቶበታል። መግቢያው በጓሮ ነው። ለገማቾቹ ማንም አልነገራቸውም፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ የቆየው የድሮው ልክ ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራነው። ፊተኛው 24.4 ካሬ በሙሉ፣ ቀጣዩ 24.4 በግማሽ። አንድ ላይ 36.6 ሆነ። በ320 ሲባዛ 11,712። ከ12,000 በታች! ያቺ ሩብ ዋጋ ብቻ ያላት የኋላ ቁራጭ ናት ደንበኛዬን ከመስመሩ ያሻገረቻት። ፎቶ አነሣን፣ ንድፍ ሣልን፣ የሊዙን ውል አያይዘን ላክን። ታረመ፤ ከዚያ ወዲህ ቢዝነስ ሬት አልከፈለችም። የዚያን ዕለት ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ያንተ እንዲህ ይሆናል አልልህም። ግን ካልለካህ አታውቀውም።

ስሕተት ካገኘህ መንገዱ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቼክ፦ ልኬቱና ዝርዝሩ ትክክል መሆኑን ታያለህ፣ ስሕተቱን ታሳውቃለህ። ቀጥሎ ቻሌንጅ፦ «ግምቱ ራሱ በዝቷል» ብለህ በማስረጃ ትከራከራለህ። መጨረሻ ላይ አፒል፦ ገለልተኛ የሆነ የግምት ፍርድ ቤት ዘንድ ትሄዳለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በነፃ ናቸው። ለአፒል የሚከፈለውም ከረታህ ይመለስልሃል። ስለዚህ በስልክ «ቅድሚያ ክፈል» ላለህ ሰው መልስህ አንድ ነው፤ አልከፍልም። ደህና ባለሙያ በዚህ ሥራ ላይ አለ፣ አልክድም። ደህናው ባለሙያ ግን ሱቅህን ሳያይ ዋጋ አያስቀንስም። እኔ የማውቀው አንድ ምግብ ቤት ለእንዲህ ዓይነት ደዋይ ፈርሞ፣ ለዓመታት ከቅናሹ ድርሻ ሲቆረጥበት ኖሯል። ቅናሹ ደግሞ በሕግ የሚገባው፣ አንድ ፎርም ሞልቶ ለካውንስሉ ቢልክ የሚያገኘው ነበር። ክርክሩ እስኪያልቅ ቢሉን መክፈል እንዳታቆም። ለቼክ ብቻ እስከ 12 ወር፣ ለቻሌንጅ እስከ 18 ወር ሊፈጅ ይችላል።

ወደ ፓርላማው ልምጣ። ጓደኛህ ልክ ነው፣ ጻፍ። ግን የፓርላማ ኮሚቴ ያንተን 13,500 አይቀይርም። የአንድ ሰው ጉዳይ አይዳኝም። የሚያየው ሕጉንና አሠራሩን ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ውሳኔ ሰጠ። አንድ ድርጅት በአንድ ሕንፃ ሁለት ፎቅ ይዞ፣ የሚገናኙት በጋራ ደረጃ ከሆነ፣ እንደ ሁለት የተለያየ ንብረት ይገመት አለ። ሰዉ «የደረጃ ታክስ» አለው። ከአንዱ ክፍሉ ወደ ሌላው ለመሄድ የጋራ ደረጃ የሚረግጥ ትንሽ ቢሮ ሁሉ ቢሉ ናረ። ያንን ማስተካከል የቻለው ገማች ወይም ካውንስል አይደለም። ፓርላማው ነው፣ በ2018 ባወጣው ሕግ።

በ2019 ደግሞ የታችኛው ምክር ቤት ትሬዠሪ ኮሚቴ (የገንዘብ ሚኒስቴሩን የሚከታተለው) ስለ ቢዝነስ ሬት ሰፊ ምርመራ አድርጎ በኦክቶበር ሪፖርት አወጣ። ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ ያ ሦስት ደረጃ ያለው የአቤቱታ መንገድ ነበር። ግምቱ ቶሎ ቶሎ አለመታደሱም የብዙ ሰው እሮሮ ነበር። እሮሮው እውነት ነው። በ2008 ኪራይ የተሠራው ግምት እስከ 2017 ድረስ ሲያስከፍለን ነበር! የባንክ ቀውስ መጥቶ ሄዶ፣ መንገዱ ሁሉ ተለዋውጦ፣ እኛ ከቀውሱ በፊት በነበረ ኪራይ እንከፍል ነበር። በ2023 በወጣው ሕግ አሁን በየሦስት ዓመቱ እንዲታደስ ሆኗል።

ስትጽፍ ምሬት ብቻ አትጻፍ። ኮሚቴ ምርመራ ሲከፍት በድረ ገጹ ላይ ጥያቄዎቹን ያወጣል፤ ማንም ሰው መልስ መላክ ይችላል። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃሃል። የሱቅህ ስፋት፣ የድሮው ግምትና የአዲሱ፣ በእርግጥ የምትከፍለው ኪራይ፣ የነበረህ ቅናሽና የቀረው፣ ቼክ ከላክህ ስንት ወር እንደጠበቅህ። ይህንን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ባለሙያ ቀጥረው ይጽፋሉ፤ የኛ ሱቅ ግን ማንም የሚጽፍለት የለም። የላክኸው በይፋ ሊታተም ስለሚችል ስምህ እንዲወጣ ካልፈለግህ አስቀድመህ ጠይቅ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለህ እንዳትተወው፣ እባክህ። አጭርና ቀጥተኛ ከሆነ በቂ ነው። ምርመራ ካልተከፈተ ደግሞ ለአካባቢህ የፓርላማ አባል ጻፍ፤ እነሱ ሚኒስትሩን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ።

ከገማች መሥሪያ ቤቱ የሚመጣውን የኪራይ መጠየቂያ ፎርምም እንዳትጥለው። የኛ ሰው ፖስታው ላይ የመንግሥት ማኅተም ሲያይ ይፈራና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ባትመልስ መቀጮ አለው። ከመቀጮው የባሰው ግን ሌላ ነው። የሠፈሩ ግምት የሚሠራው በተመለሱት ፎርሞች ነው። አንተ የምትከፍለው ቅናሽ ኪራይ ካልተመዘገበ፣ ሠፈርህ የሚገመተው ውድ ኪራይ በሚከፍለው ጎረቤትህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ሱቅ የለኝም። ካውንስል ታክሴ (የመኖሪያ ቤት ግብሬ) ግን እርከኑ «ባንድ ኢ» ነው፤ የጎረቤቴ ባንድ ዲ። ቤታችን መንታ ነው። ልጄ አግብቶ ከወጣ ጀምሮ በጡረታ ብቻዬን እየከፈልኩ ነው። ማንን ልጠይቅ?
እናት፣ ከበርሚንግሃም

መልስ፦ እማማ፣ የእንግሊዝ ካውንስል ታክስ እስከ ዛሬ የቆመው ቤቱ በኤፕሪል 1 ቀን 1991 ቢሸጥ ያወጣ በነበረው ዋጋ ላይ ነው። ባንድ ዲ ያን ጊዜ ከ68,000 በላይ እስከ 88,000 ፓውንድ፣ ባንድ ኢ ከዚያ እስከ 120,000 ነው። መንታ ቤት ሆኖ የተለያየ ባንድ ከወጣለት መጠየቅ ይችላሉ፣ በነፃ ነው። ግን ይጠንቀቁ። የእርስዎ ከመውረድ ይልቅ የጎረቤትዎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው በዚያው መንገድ ላይ ያሉትን ተመሳሳይ ቤቶች ባንድ በመንግሥት ድረ ገጽ ይፈልጉ። አብዛኞቹ ዲ ከሆኑ ይጠይቁ። አብዛኞቹ ኢ ከሆኑ ይተዉት።

ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ለካውንስሉ ይደውሉ። ብቻውን ለሚኖር ሰው የ25 በመቶ ቅናሽ አለ፤ በደብዳቤዎ ይህንን አላነሡም፣ ምናልባት አልነገሩዎትም ይሆናል። ልጅዎ ከቤት የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት፣ ለምሳሌ የአዲሱ ቤቱን ውል፣ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። ቅናሹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲታሰብልዎ ይጠይቁ።