«ማህፀኔ ከተጠረገ ስድስት ቀን ሆነው፤ ደሙ አልቆመም»

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በዘጠነኛው ሳምንት የፅንሱ ልብ መምታት አቁሞ ተገኘና ከስድስት ቀን በፊት ማህፀኔ በመሳቢያ መሣሪያ ተጠረገ። እስካሁን ቡናማ ደም ጠብ ጠብ ይላል፤ ከእምብርቴ በታችም ይቆርጠኛል። አክስቴ «ማህፀን አንዴ ከተነካ መውለድ ያስቸግራል፤ ወይባ ጢስ ግቢ» ብላ አስደነገጠችኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በዚህ ጊዜ የሚቋረጥ እርግዝና በአብዛኛው መነሻው ፅንሱ ሲፈጠር የገጠመው የክሮሞሶም ችግር ነው። ዕቃ ስላነሱ ወይም ስለደነገጡ አይደለምና ራስዎን አይውቀሱ።

እየቀነሰ የሚሄድ ደም እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ማህፀን ወደ መጠኑ ሲመለስም ይቆርጣል። የሚያሰጋው የተገላቢጦሹ ነው። በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳትዎ 38 ከደረሰ፣ ፈሳሹ ከሸተተ ወይም ሕመሙ በየቀኑ ከባሰ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። የቀረ ነገር ወይም ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ከመድኃኒት ቤት በራስዎ አንቲባዮቲክ ገዝተው መዋጥ ግን በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

መካንነትን በተመለከተ አክስትዎ የሰሙት ከባዶ የተነሣ አይደለም። ማህፀን በስለታም ብረት ተደጋግሞ ሲፋቅ ወይም ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲቀር ጠባሳ ሊተው ይችላል። አንድ ጊዜ፣ ያውም በመሳቢያ ለተጠረገ ማህፀን ግን ይህ እምብዛም አይገጥምም። የወር አበባዎ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ ይታዩ። ሲታዩም መጀመሪያ አርግዘው እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እንቁላል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል አበባ ሳያዩ መፀነስ አለ። ብዙ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ። አሁን ማርገዝ ካልፈለጉ መከላከያውን ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ወይባ ጢሱ ይቆይልዎ። ደም የፈሰሰው ሰው ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ሊያዞረውና ሊጥለው ይችላል። የማህፀን በር ተከፍቶ ስለነበር በሎሚም ሆነ በሳሙና ወደ ውስጥ መታጠብ ጀርም ያስገባል፤ ግንኙነትም ደሙ ጨርሶ እስኪቆም ይቆይ። ገላዎን ግን እንደ ልብዎ ይታጠቡ።

የአክስትዎን ገንፎ እምቢ አይበሉ። የአይረን ኪኒን ታዝዞልዎት ከሆነ ከቡናና ከሻይ ሁለት ሰዓት ያርቁት።