ባለ 5 ፎቅ ኬክ፣ 9 ሺህ ብር እና ዝም ያለችው አክስት

እትዬ እንደምን ሰነበቱ። አምድዎን ሁሌ ከእናቴ ጋር ነው የማነበው፣ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ካወጡት እሷም ትሰማዋለች ማለት ነው። ግድ የለም ትስማ።

27 ዓመቴ ነው፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። እኔ ልብስ ሱቅ ካሸር ነኝ፣ እጮኛዬ ደሞ ባጃጅ አለው፣ የራሱ ነው እዳውን መስከረም ላይ ጨርሷል። ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ውስጥ እሁድ ቀን ነው። ድንኳኑ እዚሁ ሰፈር ይጣላል፣ ወንበርና ድስት ከእድር ነው፣ በሬውን አባቴና ወንድሞቹ ይችሉታል፣ ለሙስሊም እንግዶቻችን ደሞ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን በጎቹን ለብቻ አሳርደው በራሳቸው ግቢ ያሰራሉ፣ ያው እንደ አገራችን ወግ። ቬሎ በኪራይ፣ ፎቶ በጓደኛ። ብቻ ሁሉም በእቁብ ብርና በሰው እርዳታ እየተሳካ መጥቶ መጥቶ ኬኩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌ የመጣ ቀን ጅቡቲ ያለችው የእጮኛዬ አክስት ደወለች፣ ስልኩ ላውድ ላይ ተደረገ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ኬኩ የኔ ነው፣ ባለ አምስት ፎቅ፣ ማንም እጁን እንዳያስገባ!" አለች። እልልታው ቀለጠ። ከዛን ቀን ወዲህ ይሄው አራት ወር፣ ስለ ኬክ አንድ ቃል የለም። ከኔ ጋር ግን በሳምንት ሁለቴ እናወራለን፣ የምትለብሰውን ዲራ ሳይቀር ፎቶ ልካልኛለች፣ ኬክ ላይ ስንደርስ "ኔትወርኩ" ትላለች። እጮኛዬን ጠይቃት እንጂ ስለው "አክስቴን ብር ላኪ ልበላት? ነውር እኮ ነው" ብሎ ይነሳና ባጃጁን ያጥባል።

ብቻዬን ኬክ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። ባለ 5 ፎቅ 32 ሺህ ብር፣ ግማሹን ቀብድ እስከ አርብ። የምታስተናግደኝ ልጅ ቀስ ብላ "ሶስቱ ፎቅ ፎም ነው፣ የሚበላው ሁለቱ ነው" አለችኝ። እኛ ለኬክ የያዝነው 9 ሺህ ብር ነው። እንግዳው 250 ነው የሚባለው፣ ያው በኛ ሰፈር 250 ከተባለ የሚመጣውን እርስዎ ያውቃሉ።

አማራጭ ተብለው የቀረቡልኝ ሁለት ናቸው። አንደኛ ሐረር ይረክሳል እዛ አሰርተሽ አምጪ ይሉኛል። ሁለተኛ ጎረቤታችን ያለች አንዲት እናት ለሰፈሩ ልጆች ልደት ኬክ ትጋግራለች፣ እጇ ይጣፍጣል፣ "የእቃውን ብቻ ቻይ፣ ድካሙ የኔ ስጦታ ይሁን" ብላኛለች። ለእጮኛዬ እናት ይሄን ስነግራቸው "የቤት ኬክ? ልደት ነው እንዴ ምንደግሰው?" አሉኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እንደው ምን ላርግ? ብድር ልግባ ወይስ ኬክ የሚባለውን ነገር ልተወው?

ኬክ ያስጨነቃት ሙሽራ፣ ከሳቢያን

*

የኔ ሙሽራ፣ መጀመሪያ እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሽንኩርቱን ደሞ አንዳንዴ አንቺም ክተፊላት።

ብድር አትግቢ። አርብም ቀብድ አትክፈዪ። ኬኩንም አትተዪው። ጎረቤትሽ ትጋግርልሽ፣ እንዴት የሚለውን እመጣበታለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሐረሩን ከመሃል እናውጣው ምክንያቱም እኔ እዛ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ አይቻለሁ።

የታናሽ እህቴ ሰርግ ጊዜ እኔ ነኝ ብልጥ ሆኜ ሐረር ያሰራሁት። ባለ ሶስት ፎቅ፣ ነጭ በቅቤ ክሬም፣ ሐረር ላይ ሲያስረክቡኝ እንደ በረዶ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ የላይኛውን ፎቅ ጭኔ ላይ ይዤ ሁለቱን እግሬ ስር አድርጌ ተነሳን። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት ድሬ 1,200 አካባቢ ናት፣ መንገዱ ደሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ በወሬ ቅርብ ነው አይደል? ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ወደ ግራ ሲያጥፍ ኬኩ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲያጥፍ ወደ ግራ፣ እኔ እየጸለይኩ ነው፣ ቁልቁል በወረድን ቁጥር ደሞ የመኪናው ሙቀት ይጨምራል። ድሬ ኬላ ስንደርስ ነጠላዬ ጥለት ላይ የነበረው ክሬም ከኬኩ ላይ ካለው ይበልጥ ነበር። አበባዎቹ ተንሸራተው ካርቶኑ ጥግ ላይ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። እህቴ አይታ አላለቀሰችም፣ ሳቀች፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ጥፋቱ የጋጋሪዎቹ አልነበረም። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ አለቀ። የኛ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም፣ ድንኳን ውስጥ 250 ሰው ሲተነፍስበት፣ ከጎን ወጡ ሲፈላ፣ ከላይ የቪዲዮው መብራት ሲጨመርበት ደሞ አስቢው። ስለዚህ ሐረርም ይሰራ ድሬ፣ 32 ሺህም ይውጣበት 3 ሺህ፣ የቅቤ ክሬም ያለበት ኬክ ግንቦት ላይ ድሬ ድንኳን ውስጥ አይቆምም። ይሄን ማንም ኬክ ቤት ቀብድ ሲቀበል አይነግርሽም።

አሁን ወደ ፎቁ። ፎም ሀጢያት አይደለም፣ ለፎቶ ነው፣ ስንቱ ትልቅ ሰርግ ላይ የምናየው ግንብ እኮ ፎም ነው። ግን እኔ የተገኘሁበት አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ቢላዋውን አብረው ይዘው ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ቆረጡ ሲባል የተነገራቸውን ቦታ ስተው ፎሙን ያዙት። ጪጭጭጭ አለ። ያን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ሲከፈት ያለው። ማይክ አጠገቡ ነበር። ከዛ ወዲያ የሰፈሩ ህጻናት ሙሽራውን ባዩት ቁጥር ጪጭ ይሉታል። አንቺ ለዚህ ነው 32 ሺህ የምትከፍዪው?

ቆይ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ይሄ ለኔ ዋናው ነው። በኛ ሰርግ ስጋው ለየብቻ ነው፣ የክርስቲያኑ ለብቻ የሙስሊሙ ለብቻ፣ ተከባብረን የምንኖርበት ወግ ነው ምንም አይወጣለትም። ኬኩ ግን አንድ ነው። ከአንድ ትሪ ሁሉም የሚያነሳው እሱን ነው፣ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችሁም፣ የአባትሽ ወንድሞችም። ስለዚህ የድሬ ሰርግ ኬክ ቁመቱ ሳይሆን መዳረሱ ነው የሚታየው፣ አምስት ፎቅ ቆሞ ግማሹ ድንኳን ያልቀመሰው ኬክ ለሳምንት ይታማል። ለጎረቤትሽም አደራ በያት፣ ሮም ሊኬር የሚባል መጠጥ ጠብ እንዳይል፣ ጄላቲን የገባበት ነገር ከምን እንደተሰራ ካልታወቀ ይቅር። እሷ ሳትጠየቅም ታውቀው ይሆናል፣ ቢሆንም በይ።

እና እንዲህ አድርጉ። ለፎቶና ለመቁረጥ ባለ ሁለት ፎቅ ትንሽ ኬክ፣ ታችኛው 25 ሳንቲ ላይኛው 15 ሳንቲ፣ ሙሉ በሙሉ የሚበላ። ለእንግዳው ደሞ በትሪ የሚጋገር ስፖንጅ ኬክ። 30 በ40 ሳንቲ የሆነ ትሪ 5 በ5 እያደረግሽ ስትቆርጪው 48 ቁራጭ ይወጣዋል፣ አራት ትሪ 192 ነው፣ ከትንሹ ኬክ የሚቆረጠው ሲጨመርበት 220 አካባቢ ይገባል። 250 ተጠርቶ ሁሉም ኬክ አይበላም፣ ስኳር ያለባቸው አሉ፣ ጫት ላይ ነኝ ጣፋጭ አልፈልግም የሚል አጎት አለ (ሁሌም አለ)፣ ከፈራሽ አምስተኛ ትሪ ጨምሪ።

ስፖንጅ የምልሽ በምክንያት ነው፣ ቅቤም ዘይትም አይፈልግም፣ ወጪው እንቁላል ነው። ለአንድ እንቁላል 30 ግራም ስኳር 30 ግራም ዱቄት፣ ለአንዱ ትሪ 10 እንቁላል፣ ስለዚህ 300 ግራም ስኳር 300 ግራም ዱቄት። አራቱ ትሪ 40 እንቁላል ነው፣ ለትንሹ ኬክ ሌላ 15 ብትይው፣ 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን ሁለት ቢገዛ ይበቃል ማለት ነው። ሂጂና ቀፊራ ገበያ ጠይቂ፣ ብዕርና ወረቀት ይዘሽ ደምሪው፣ ከዛ 9 ሺህ ብርሽን እዪው። እኔ በሰው ገበያ ዋጋ አልጠራም ግን ፊትሽ እንደሚፈታ አውቃለሁ።

የጎረቤትሽ ምድጃ የልደት ኬክ ምድጃ ነው፣ አራት ትሪ ይዛ ሌሊቱን ታድራለች፣ መብራት ከሄደ ደሞ ጉድ ፈላ። ለበአል ድፎ ዳቦ ዳቦ ቤት ወስደን እናስጋግር የለ? ይሄም እንደዛው ነው። ቅዳሜ የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ሲያልቅ ትሪዎቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የዳቦ ምድጃ ለስፖንጅ በጣም ይግላል፣ ወደ 180 ዲግሪ እስኪወርድ ታገሱ ካለበለዚያ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ዳቦ ጋጋሪው "ልየው" ብሎ በሩን እየከፈተ እንዳያስቸግር እዛው ቁሙበት፣ ስፖንጅ አየር ከነካው ሙሽሽ ነው የሚለው። ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ እሁድ ጠዋት በብርቱካን ሽሮፕ አርሱት፣ መሃሉን በማርማላታ፣ በቃ። የትሪው ኬክ ላዩ ላይ ዱቄት ስኳር ብን ብን ይበልበት፣ ዲኮር አይፈልግም።

ለትንሹ ኬክ ግን ጎረቤትሽ ትንሽ ትድከምበት። ቅቤ የሌለበት ነጭ ክሬም አለ፣ የእንቁላሉን ነጭ እየመታች የፈላ የስኳር ሽሮፕ በቀጭኑ የምታፈስበት። ሽሮፑ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ ሲል እንደ ለስላሳ ኳስ ሲሰበሰብ ደርሷል። ቅቤ ስለሌለው አይቀልጥም። ፎንዳንት፣ ያ እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩን የሚያለብሱት ስኳር፣ እችላለሁ ካለችም ጥሩ ነው፣ ብቻ ፍሪጅ አስገብታ ወደ ሙቀት እንዳታወጣው፣ ያልበዋል፣ እውነቴን ነው ልክ እንደ ሰው ነው የሚያልበው።

ለጌጥ ሰፈራችሁ ካለው ቡጋንቪላ ጥቂት ቅጠፉ፣ እጠቡት፣ ስሩ ላይ ብራና ወረቀት አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ግንዱን ኬኩ ውስጥ አትሰኩ። ያ ረዘም ቀጠን ያለ ቅጠል ያለው ሮዝ ቀለም አበባ፣ ኦሊያንደር የሚሉት፣ አጥር ላይ ያምራል ግን መርዝ ነው፣ ኬኩ አጠገብ እንዳይደርስ። ሚዜዎችሽን አስጠንቅቂ፣ ሚዜ የማያደርገው የለም።

ኬኩ ቤት ውስጥ ይቆይ፣ ሊቆረጥ ግማሽ ሰአት ሲቀረው ይውጣ። የእጮኛሽ ባጃጅ ላይ አይጫን፣ ሁለት ሰው በእጁ ይዞት ይሂድ፣ ከጎረቤት እናንተ ድንኳን ስንት እርምጃ ነው?

አክስቲቱ። አቦ እኔ አልፈርድባትም፣ ሰው ፊት እልል ሲባልልሽ አምስት ፎቅ ቀላል ነው። ምናልባት ጅቡቲ ላይ ነገር ተበላሽቶባት ይሆናል፣ ምናልባት ዋጋውን ሰምታ ደንግጣ ይሆናል፣ አንቺ ደሞ በሳምንት ሁለቴ እያወራሻት አላወቅሽም፣ ኔትወርኩ አይደለም እሱ እፍረት ነው። እጮኛሽ ይደውልላት፣ አንቺ አይደለሽም፣ ላውድ ላይም አይደለም። ብር ላኪ አይበላት። "አክስቴ፣ ኬኩን ሰፈር አሰርተነዋል፣ ወጪው ይሄን ያህል ነው፣ ከተመቸሽ ያንቺ ስጦታ ነው ብለን እናስነግራለን፣ ካልተመቸሽም አንቺ ነሽ እጃችንን ይዘሽ የምታስቆርጪን" ይበላት። መውጫ በር ስጧት፣ ወጪውን ስትሰማ የምትልክ ይመስለኛል። ባትልክም ዲራዋን ለብሳ ትምጣ። ይሄን ስልክ ከዚህ ሳምንት አያሳልፈው፣ ባጃጁ ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ ሊለቅ ነው።

አማትሽን በወሬ አታሳምኛቸውም፣ አትሞክሪ። ጎረቤትሽ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ትንሽ ኬክ ትስራና ከቀኑ 8 ሰአት ላይ፣ ልክ ድሬ ስትግል፣ ይዘሻቸው ሂጂ። ቡና አስፈዪ፣ ኬኩ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰአት ይቀመጥ። በዛውም ክሬሙ ይቁም አይቁም አንቺም ታይበታለሽ። ከቆመ ማን ሰራው ሳይባል ቁረጪላቸው። "የት ነው ያሰራሽው?" እስኪሉሽ ጠብቂ።

የመቁረጫው ቢላዋ ደሞ ሪባን ታስሮበት የሚመጣው የኪራዩ ዶልዱም እንዳይሆን፣ ከእናትሽ ኩሽና የሽንኩርቱን አምጪው።