ጥያቄና መልስ፦ «ሕሊናዬ አይፈቅድም» ለሚሉ የነርሲንግና የሚድዋይፈሪ ተማሪዎች

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። ሚድዋይፍ ነኝ። የምሠራው ሌበር ዋርድ፣ ማዋለጃ ክፍል፣ ነው፤ ለአታችመንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ የሚመጡ ተማሪዎችንም የምቀበለው እኔ ነኝ። አልሠራም የምትሉት ሥራ ሲገጥማችሁ ምን እንደምታደርጉ ጠይቁኝ ብያለሁ። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የበሽተኛ ታሪክ እዚህ አትጻፉ። ዕድሜዋና ሰፈሯ ከተጻፈ፣ ስሟ ባይጻፍም ትታወቃለች። ደግሞ ጥያቄያችሁን ዘርዝሩት። «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

ሚድዋይፈሪ 3ኛ ዓመት፦ ሲስተር፣ በእምነቴ ምክንያት ጽንስ ማቋረጥ ላይ መሳተፍ አልፈልግም። በቅርቡ ጋይኒ፣ የማህፀን ሕክምና ክፍል፣ ልመደብ ነው። እምቢ ብል ምን ይደርስብኛል?

ሲስተር፦ መጀመሪያ ሕጉን ልንገርሽ። ግማሹ ሰው «ክልክል ነው» ይላል፣ ግማሹ «ተፈቅዷል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን ወንጀል እንደሆነ ትቶ፣ አንቀጽ 551 ላይ የማያስቀጣበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ ደግሞም ሴትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ማሳደግ የማትችል ስትሆን። ተደፍሬያለሁ ካለች ቃሏ ይበቃል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ አትባልም።

አሁን ወደ አንቺ። ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት የወሊድ መከላከያ፣ በሕግ የተፈቀደ ጽንስ ማቋረጥና ለበሽተኛ ደም መስጠትን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን አልሰጥም ማለት አይችልም ይላል። ይሄን ብዙ ተማሪ የሚሰማው ተመርቆ ከተቀጠረ በኋላ ነው። አንቺ ግን ገና የሙያ ፈቃድ የለሽም፣ የምትሠሪውም በሌላ ሰው ኃላፊነት ስር ነው። ስለዚህ የሚወሰነው በትምህርት ቤትሽና በምትመደቢበት ክፍል ነው። ለኢንስትራክተርሽ በጽሑፍ አስታውቂ። ይሄ ደግሞ ከመመደብሽ በፊት ይሁን። ሴትየዋ አልጋ ላይ ወጥታ እግሯን ከሰቀለች በኋላ ጓንት አውልቆ መውጣት በሽተኛ ጥሎ መሄድ ነው። ተቃውሞ አይባልም።

የማታ ተረኛ፦ ሎግቡኩስ፣ የሠራነው የሚመዘገብበት ደብተር? ኤምቪኤ ስንት አየሽ፣ ስንት ረዳሽ የሚል ቦታ አለው።

ሲስተር፦ ለዛ ነው አስቀድማችሁ ተናገሩ የምለው። ኤምቪኤ ማህፀንን በእጅ በሚሠራ መምጠጫ ማጽዳት ነው እንጂ ጽንስ ማቋረጥ ማለት አይደለም። ያንኑ መሣሪያ ጽንሱ በራሱ ወርዶባት የቀረ ላለባት ሴትም እንጠቀምበታለን። ሎግቡካችሁን በዚያ መሙላት ይቻላል። ሳይሠሩ ማስፈረም ግን አይቻልም። የሚያስፈርሙ እንዳሉ አውቃለሁ።

ነርሲንግ፣ ደሴ፦ ራሷ አስወርዳ ደም እየፈሰሳት ከመጣችስ? እሷንም ልተዋት እችላለሁ?

ሲስተር፦ አትችልም። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ድህረ ውርጃ እንክብካቤ ጽንስ ማቋረጥ አይደለም። ይሄ ይሰመርበት፣ ምክንያቱም ዛሬ ደጋግሜ ልለው ነው። ሰውነቷ ይተኩሳል፣ ፈሳሿ ይሸታል፣ ግፊቷ ወርዷል። በደም ሥሯ መስመር ትከፍታለህ፣ ደም ታስመረምራለህ፣ አንቲባዮቲክ ትጀምራለህ፣ የቀረው እንዲወጣላት ሐኪም ትጠራለህ። ማን ምን እንዳደረገላት የምትጠይቀው ለሕክምናው የሚያስፈልግህን ያህል ብቻ ነው።

አንድ ቀን የወለደች ሴት መድማት ጀመረች። ኦክሲቶሲን ተሰጥቷታል፣ ማህፀኗ ግን አልጨበጥ አለ። ማህፀኗን ከላይ እያሸሁ ተማሪውን «ሚሶ አምጣ» አልኩት። ቆመ። «ሲስተር፣ ይሄ የማስወረጃው ኪኒን አይደል?» አለኝ። ልጇ ተወልዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጎኗ ተኝቷል! አንሶላው በደም ርሷል። ሌላዋ ተማሪ ሮጣ አመጣችና ከምላሷ ሥር አደረግንላት። ሚሶፕሮስቶል ማህፀን ያኮማትራል። ጽንስ ለማቋረጥም ያገለግላል፣ የወለደችን ሴት ከመድማትም ያድናል። ልጁ ክፉ አልነበረም። ስለ መድኃኒቱ የሚያውቀው ፋርማኮሎጂ ክፍል የተማረውን ሳይሆን ዶርም የሰማውን ነበር።

ዲያቆን ነርስ፦ ሲስተር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ከመንግሥት ሕግ በላይ የእግዚአብሔር ሕግ አለ።

የማታ ተረኛ፦ እና ትሙት ነው የምትለው?

ዲያቆን ነርስ፦ ትሙት አላልኩም። አፌ ላይ ቃል አትጨምሪ። እኔ ያልኩት ስለ ማቋረጡ ነው።

የማታ ተረኛ፦ አንተ አልሠራም ብለህ ስትወጣ ሁሌ የምሸፍነው እኔ ነኝ። ያንተ ሕሊና እኔን ድርብ ተረኛ አድርጎኛል።

ዲያቆን ነርስ፦ አንቺም ማመልከት ትችያለሽ። ማን ከለከለሽ?

ሲስተር፦ ይበቃል። ነፍስ አባት ጋ የሚያልቀውን እዚያ ጨርሱት። ግን እሷ ያለችው እውነት ነው። ተቃውሞ ያለው ተማሪ ሌላ ሥራ በምትኩ ይውሰድ። ክፍሉን ያጽዳ፣ ግፊት ይለካ፣ ሌላ አዋላጅ ያግዝ። በሽተኛዋን ደግሞ ፊት አትንሷት፣ አትስበኩላት። የጤና ሚኒስቴር መመሪያ በሕግ የሚገባት ሴት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ አገልግሎቱን ታግኝ ይላል። «ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ» እያሉ ሳምንታት ማስቆጠር ሕሊና አይባልም።

ስሜን ልተወው፦ የይሖዋ ምስክር ነኝ። ደም መስቀል ግዴታዬ ነው?

ሲስተር፦ ደንቡ ደምን በስሙ ጠቅሶታል፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። የበሽተኛ እምቢታ ሌላ ነው። አዋቂ በሽተኛ አልወስድም ካለ ታስረጂዋለሽ፣ ታስፈርሚዋለሽ፣ ለሐኪሙ ታሳውቂያለሽ። የእሱ እምቢታ የሚነካው የራሱን ሰውነት ነው፣ ያንቺ ግን የሌላ ሰው። ተማሪ ሳለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ከመመደብሽ በፊት።

ሂጃብ ለባሿ፦ ለወንድ በሽተኛ ካቴተር ማስገባት ይከብደኛል። ይሄም የሕሊና ተቃውሞ ነው?

ሲስተር፦ መክበድና ሕሊና አንድ አይደሉም። ወንድ ባልደረባ ካለ ተቀያየሩ፣ ማንም አይቆጣም። ማታ ብቻሽን ስትሆኚና ፊኛው ተወጥሮ ሲጮህ ግን ታስገቢያለሽ።

ጎንደር 4ኛ ዓመት፦ እኔን የሚረብሸኝ ሌላ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት አንዷን አምስት ስድስት ተማሪ በየተራ ውስጧን ይመረምራል። አልመረምርም ካልኩ ሎግቡኬ አይሞላም። ዝም ብል ደግሞ ያመኛል።

ሲስተር፦ ከመሸ እስካሁን ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ስለ ኪኒን ሲጠየቅ «ሕሊናዬ» የሚል ተማሪ ሞልቷል። ሴትየዋን ጭኗን በጥፊ ሲመቷት ግን ግድግዳ ያያል። ያ ሕሊና እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚተኛ አይገባኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምጡ በተፋፋመበት ጊዜ የውስጥ ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ይሁን ይላል። አምስት ተማሪ በግማሽ ሰዓት አይደለም። በተደጋጋሚ መንካት ኢንፌክሽን ያመጣል፣ በተለይ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ። ለመማር አንድ ተማሪ ከኃላፊዋ ጋር ይበቃል። ሌሎቻችሁ ፓርቶግራፍ፣ የምጡ ሂደት የሚመዘገብበትን ቅጽ፣ አንብቡ፣ የልጁን የልብ ምት አዳምጡ። ቀጣዩ ሰዓት ሲደርስ ሌላው ይግባ።

ስትገባ ደግሞ ስምህን ንገራት። «ተማሪ ነኝ፣ ሲስተር አብራኝ አለች፣ ልመርምርሽ?» በል። መጋረጃ ዝጋ። ምጡ ሲይዛት ጠብቅ፣ ሲለቃት ግባ። ስትጨርስ ያገኘኸውን ለእሷም ንገራት፣ ለሎግቡኩ ብቻ አይደለም። አይሆንም ካለች አመስግነህ ውጣ። ሰመመን ላይ ያለችማ ጭራሽ እምቢ ማለት አትችልም። ስለዚህ ሳትተኛ በፊት ካልተጠየቀች እጅህን አታስገባ።

ልጁ እንዲወጣ ብልቷ ሳይነገራት የሚቀደድ፣ ሳትደነዝዝ የሚሰፋም እዚሁ ውስጥ ነው። ለሁሉም ወላድ መቅደድ እንደማይመከር በክፍል ተምራችኋል። ዋርድ ስትገቡ ትረሱታላችሁ። ልጁን ገና ስታቅፍ ሳትጠየቅ ሉፕ የሚገባላትም አለች። የወሊድ መከላከያን የምደግፍ ሰው ነኝ፣ ግን ሳትጠየቅ የገባው የእሷ ምርጫ አይደለም።

ጎንደር 4ኛ ዓመት፦ ኃላፊው ፊት እንዴት ልበል? ነጥቤ በእሱ እጅ ነው።

ሲስተር፦ «ተሳስተዋል» አትበል። «አልጠየቅናትም መሰለኝ፣ ጠይቄያት ልምጣ?» በል። በሽተኛ ፊት «አትጠይቅ» የሚል ሰው ብዙ አላየሁም። ካለ ደግሞ ዕለቱን ለኮርስ አስተባባሪህ ጻፍ። የበሽተኛዋ ስም አይግባበት።

አሁን ገባሁ፦ ሰላም ሲስተር፣ ዘግይቼ ነው። ጽንስ ማቋረጥ ላይ እምቢ ማለት ይቻላል?

ሲስተር፦ ከላይ።

ሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው። ለእኛስ?

ሲስተር፦ ቸርች አሜንድመንት የሚባል ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ጽንስ ማቋረጥ ላይ አልሳተፍም በማለትሽ ቅበላ ሊከለክልሽ አይችልም። ዝርዝሩን የተማሪ መመሪያችሁ ላይ እዪ። አደጋ ላይ ያለች ሴትን መርዳት ግን ሌላ ነው። ድህረ ውርጃ እንክብካቤ ጽንስ ማቋረጥ አይደለም።

ስቶክሆልም፦ እዚህ ስዊድን ግን እምቢ ያሉ ሁለት ሚድዋይፎች እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደው በ2020 እ.ኤ.አ. ተረትተዋል።

ዲያቆን ነርስ፦ እንግሊዝ ግን ሕጉ ይፈቅዳል!

ሲስተር፦ ይፈቅዳል፣ እስከ ወሰኑ። በ2014 እ.ኤ.አ. የግላስጎው ሁለት ሚድዋይፎች ጉዳይ ላይ የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥበቃው በእጅ ለሚሠራው ሥራ ነው ብሏል። ሌሎችን መመደብና መቆጣጠር አይገባበትም። ወደ አገራችን እንመለስ።

ቶሮንቶ፦ እዚህ በሐኪም የታገዘ ሞት አለ። አንድ ነርስ...

ሲስተር፦ የካናዳውን ካናዳ ያለ ነርሶች ማኅበር ጠይቂ። እኔ ማዋለድ ነው የማውቀው።

ሚድዋይፈሪ 3ኛ ዓመት፦ ጽሑፉ ምን ይበል ሲስተር? ናሙና ይስጡን።

ሲስተር፦ አጭር ይሁን። «በጋይኒ ክፍል አታችመንቴ ወቅት በጽንስ ማቋረጥ ሥራ ላይ በእጄ መሳተፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ድህረ ውርጃ እንክብካቤ፣ ድንገተኛ ሕክምናና ለሁሉም በሽተኛ የሚሰጠውን የነርስ አገልግሎት እሠራለሁ። በምትኩ የሚሰጠኝን ሥራ እቀበላለሁ።» ጥቅስ አታብዙ። ሌላውን ሠራተኛ ኃጢአተኛ የሚያደርግ ዓረፍተ ነገር አይግባ።

ነርሲንግ፣ ደሴ፦ ኮፒው ለዋርዱ ኃላፊም ይሰጥ?

ሲስተር፦ ይሰጥ። ቀን ይኑረው፣ ይፈረምበት። አንዱን ኮፒ አንተ ጋ አስቀር።