ስለ ዴካርት 500 ቃል ምን ልጻፍ ላልሽው

የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የዴካርትን የሕይወት ታሪክ ተዪው። 500 ቃል ውስጥ ለእሱ ቦታ የለም። በኦክስፎርዱ የ10 ሳምንት ኦንላይን ኮርስ አጋማሽ ላይ ለምታስረክቢው ጽሑፍ አንድ ክርክር ይበቃል። የመጀመሪያውን ማሰላሰል (የ«ማሰላሰሎች» መጽሐፉን አንደኛ ክፍል) ደጋግሜ አንብቤ መግቢያው ጠፋኝ ስላልሽ፣ የህልሙን ክርክር ብቻ ያዢ። እንዲህ በትኚው፦

1. አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሳለ እሳት ዳር የተቀመጥኩ መስሎኝ ያውቃል።
2. ህልምን ከእውን የሚለይ አስተማማኝ ምልክት የለኝም።
3. ስለዚህ አሁንም መንቃቴን እርግጠኛ መሆን አልችልም።

ከዚያ የሚያጠራጥርሽን መስመር ምረጪ። እኔ ብሆን 2ኛውን ነው የምይዘው። ዴካርት ራሱ በስድስተኛው ማሰላሰል ይመለስበታል፤ በእውን ያየነውን ትዝታችን ከቀረው ሕይወታችን ጋር ያያይዘዋል፣ ህልምን ግን አያያይዘውም ይላል። ይሄ ያጠግብሻል? መያያዙንም በህልሜ አይቼው ቢሆንስ? ጽሑፍሽ ያለው እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የራስሽን ተቃውሞ ሳትጽፊ ዩቲዩብ ላይ ማብራሪያ አትክፈቺ። ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ ስታዪው የሰውየው ሐሳብ ያንቺ መስሎ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የራስሽን ማግኘት በጣም ይከብዳል። ቢያቅትሽ ተቃውሞሽን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው።