የባትሪ ድሪል ሲገዙ ከማሽኑ በፊት ባትሪውን ይምረጡ

አዳማ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ለመክፈት የሚዘጋጁት ወንድማችን፣ ለቤትም ለወርክሾፕም የሚሆን የባትሪ ድሪል 12 ቮልት ይሻላል ወይስ ገበያ ላይ 21 እና 48 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው፣ ደግሞስ አሜሪካ ያለችው እኅታቸው ብትልክላቸው ያዋጣል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ከተማ በቤት ዕቃ ሥራ ስለምተዳደር የማውቀውን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ የቮልት ቁጥር ትልቅ ስለሆነ ብቻ ማሽኑ ጠንካራ ነው ብለው እንዳይገዙ አደራ እላለሁ። 18፣ 20 እና 21 ቮልት ተብለው የሚሸጡት ባትሪዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም በተከታታይ የተያያዙ 5 የሊቲየም ሴሎች ያሏቸው ሲሆን፣ የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.6፣ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ደግሞ 4.2 ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ አምራች መደበኛውን፣ ሌላው የሞላውን በ5 አባዝቶ ይጽፋል። 48 እና 88 የሚል የተለጠፈባቸው ስም የለሽ ማሽኖችም ሲፈቱ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚያው 5 ሴሎች ናቸው። መታየት ያለበት ቮልቱ በአምፒር ሰዓት (ባትሪው ላይ Ah ተብሎ በሚጻፈው) ተባዝቶ የሚገኘው ዋት ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፤ ባለ 18 ቮልቱ ባትሪ 2 አምፒር ሰዓት ከሆነ 36፣ 4 ከሆነ 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባለ 4ቱ በተለመደው ትንሽ ሴል ከተሠራ፣ በአምስቱም ቦታ ሁለት ሁለት ሆነው 10 ሴሎች ይኖሩታል፤ አንዱ ወደ 45 ግራም ስለሚመዝን ሴሎቹ ብቻ ግማሽ ኪሎ ይጠጋሉ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ባትሪዎች በሁለት እጅዎ ይዘው ሲመዝኗቸው ልዩነት ካልተሰማዎ፣ የተጻፈውን ቁጥር ይጠራጠሩ።

ከእኅትዎ የሚመጣውን በተመለከተ፣ ማሽኑ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ቻርጀሩ ላይ ነው። የአሜሪካ ቻርጀሮች ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው በቀጥታ 220 ላይ ሲሰኩ ይቃጠላሉ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ታንብብልዎ፤ ለ120 ብቻ ከሆነ ለዚያው ባትሪ የሚሆን የ220 ቻርጀር እዚህ መገኘቱን ሳያረጋግጡ አታስልኩ። ስፔር ባትሪ በአውሮፕላን የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው፣ ለምሳሌ ባለ 18 ቮልት 6 አምፒር ሰዓቱ፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ 4 አምፒር ሰዓቱ ግን ያለ ችግር ያልፋል።

ባትሪ ከመረጡ በኋላ ግራይንደርም ሆነ ጂግሶ ሲጨምሩ በዚያው ባትሪ የሚሠራውን እንዲገዙ ስለሚያስገድድዎ፣ የዛሬው ምርጫ የነገውንም ይወስናል። የአንድ ኩባንያ ማሽን ሁሉ ባትሪ ይዋዋሳል ማለትም አይደለም፤ የቦሽ ሰማያዊውና አረንጓዴው ባለ 18 ቮልት ባትሪዎች አንዱ በሌላው ላይ አይገቡም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ሥራ እንዳይቆም ሁለት ባትሪ ያስፈልግዎታል፤ እኔ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት መካከለኛ እመርጣለሁ።

12 ቮልቱ ቀላልና ምቹ ነው፤ ለመጋረጃ፣ ለቁም ሳጥን ማጠፊያና ለመሳሰለው ይበቃል። በወርክሾፕ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ግን 18 ቮልት፣ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚነክስ ቻክና ሁለት ማርሽ ያለው ይሁን፤ ቪቴ ሲያስሩና ብረት ሲበሱ ዝግተኛውን፣ እንጨት በቀጭን ፑንታ ሲበሱ ፈጣኑን ይጠቀማሉ። ካርቦን የሌለው (ብራሽለስ የሚባለው) ሞተር ባትሪ ይቆጥባል፣ ሙቀቱም አነስተኛ ነው። ሆኖም የካርቦኑ ዓይነት ካርቦኑ ሲያልቅ በቀላሉ ይቀየራል፤ የሌላኛው ቦርድ ከተቃጠለ ግን ጠጋኝ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ ይግዙት።

ስለ ግድግዳ የምለው ብዙ ሰው ማሽኑን ያለ ጥፋቱ ስለሚወቅስ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ የድሪሉን መዶሻ (እየመታ የሚበሳበትን አሠራር) አጥፍተው በማዞር ብቻ ቢበሱት ይሻላል፤ መዶሻው የብሎኬቱን ቀጭን ገጽ ከውስጥ ስለሚሰብረው ፊሸሩ (ቪቴው የሚታሰርበት ፕላስቲክ) አይይዝም። ሴራሚክም እንዲሁ ያለ መዶሻ ይበሳል። የኮንክሪት ኮለንና ቢም ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተራ ድሪል መዶሻ ሁለት ጥርሳም ክቦችን በማንሸራተት የሚርገበገብ ብቻ ስለሆነ በሰው ክንድ ግፊት ላይ ይመካል፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል። በአየር ፒስተን የሚመታው ሮታሪ ሐመር ግን ያለ ብዙ ግፊት ይገባል። ኮንክሪት የሚበሱት አልፎ አልፎ ከሆነ ባለ ገመዱን ሮታሪ ሐመር ለዚያ ቀን ተከራይተው ወይም ተውሰው ይጠቀሙ፤ የባትሪ ድሪልዎን ለእንጨቱ፣ ለላሜራውና ለብሎኬቱ ያቆዩት። ከከባድ ሥራ በኋላ ባትሪው ትኩስ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ ቻርጀር ላይ አይሰኩት፤ በአዳማ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥም ትተውት አይሂዱ።